የእትዬ በላይነሽ ልደት፣ ኅዳር 9

ውድ ጋሽ ጣሰው፣

ይህን ደብዳቤ ቆመው እንዳያነቡት። ወንበር ይሳቡ፤ ልጅዎም ውሃ ታቅርብልዎ። በከባድ ኀዘን የማስታውቅዎ ነገር አለ፦ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ቦንጋ፣ ታሪክ ተበላሽቷል። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ።

እርስዎ ባለፈው ክረምት ከመምህርነት ጡረታ ወጥተው ዋጫ ከተማ ከገቡ ወዲህ፣ በሰልፍ ላይ «ዛሬ በታሪክ» እያሉ ያነቡልን የነበረውን ወፍራም ደብተር የሚኒ ሚዲያ ልጆች ናቸው የሚያነቡት። ማን መቼ ተወለደ፣ የትኛው ጦርነት መቼ አለቀ... እርስዎ ሲያነቡ እኔ የማሾፍ መስዬ ጆሮዬን ጥዬ እሰማ ነበር። ለማንም እንዳይነግሩብኝ፤ ባጃጅ ተራ ላይ መሳቂያ እሆናለሁ።

ያን ዕለት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከባጃጄ ተማሪ ሳወርድ ድምፅ ማጉያው ጮኸ፦ «በዛሬው ቀን የትምህርት ቤታችን ደወል ደዋይ እትዬ በላይነሽ ተወለዱ!»

ሞተሩን አጠፋሁ። ጋሼ፣ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኛ! ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አርፍጄ ብመጣ እትዬ በላይነሽ በሩን ዘጉብኝ። ተናድጄ ደብተርዎን ከጠረጴዛ አንስቼ አንዱ ገጽ ላይ ሞነጨርኩ፦ «በዚህ ቀን በላይነሽ ተወለዱ፤ ከዚያ ወዲህ አገሩ እንቅልፍ አላየም።» በሰልፍ ላይ አንብበው እንዲሳቅ ነበር። እርስዎ ግን ዘለሉት። እኔም ቀኑን ረሳሁ፤ ትምህርቱንም ተውኩ።

እትዬ በላይነሽ እያለቀሱ ወደ ባጃጄ መጡ። «አንተ ቢሻው፣ ሰማህ? ለካ እኔም ቀን አለኝ!»

«መታወቂያዎ መስከረም 1 ይል የለ እንዴ?»

«እሱማ ቀኑን ለማያውቅ ሁሉ የሚታደል ነው። የቦንጋ ግማሹ መስከረም 1 ከተወለደ አዋላጁ ከየት ተገኘ? ይሄ የጋሽ ጣሰው ነው። እሳቸው ያላጣሩትን አይጽፉም። ዳቦ ልደፋ ነው፣ እንዳትቀር!»

ዳቦው ሳይጋገር እውነቱን ልናገር ቆረጥኩ፤ መጀመሪያ ግን ደብተሩን ልየው ብዬ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ገባሁ። የእኔ ጭረት ኅዳር ላይ የለም! የካቲት 21 ላይ አገኘሁት፤ በቀይ ተሰርዞ፣ ከጎኑ በእርስዎ እጅ፦ «የቢሻው ሥራ። ሐሳቡ ጥሩ፣ ቀኑ ውሸት።»

ኅዳር 9 ላይ ደግሞ፦ «በላይነሽ ተወለዱ። ቡና እየተለቀመ፣ ለሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው። ምስክር፦ ታላቅ እኅታቸውና የአዋላጇ ልጅ፣ ሁለቱም ቢታ ገነት ከተማ የሚኖሩ። ሁለቱንም በአካል አነጋግሬያለሁ። ሐምሌ 2017 ተጣራ።»

በዚያ ጉልበትዎ፣ በሐምሌ ጭቃ፣ ቢታ ገነት ድረስ? ለአንድ ባለጌ ቀልድ? የስንት ንጉሥ ልደት አንብበውልናል፤ ለማናቸውም ግን እንዲህ አልተንከራተቱም። እኔንም አንድ ቃል ሳይናገሩኝ! ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ የፎከርኩበት ተንኮል ሁሉ ተደምሮ እርስዎ ከሠሩኝ አይደርስም።

ዳቦው ሲቀርብ ለእትዬ በላይነሽ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። «እና ነገሩን የጀመረው ያንተ ክፋት ነው?»

«አዎ።»

«እንኳን ክፉ ሆንክ» ብለው የዳቦውን መሀል ቆርሰው ሰጡኝ።

የተወለዱበትን ዓመት እርስዎ ደብተሩ ላይ ባዶ ትተውታል። እትዬ በላይነሽም ባዶው ይቆይ ብለዋል።

እንግዲህ ጋሼ፣ ነገሩ ሲጨመቅ ይህን ያህል አይደለም። ታሪክ አልተበላሸም፤ አንዲት ሴት የተወለዱበትን ቀን ሰሙ፣ ጎረቤት ዳቦ በላ፣ በቃ።

ከስምንተኛ ያላለፈው ተማሪዎ፣
ቢሻው