ስለ ላክህልኝ መጽሐፍ የምለው

ልደታ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 1976 ዓ.ም.

ለቀድሞ እጮኛዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ ኑሮው፣ ያ ብርድ ሲነካህ የሚነሳብህ ሳልስ? እኛ ልደታ ትመስገን ደህና ነን። እማዬ እግሯን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው።

መጽሐፍህ ደርሶኛል። ሽፋኑ ያምራል። ውስጡ ባስቀመጥከው ብጣሽ ወረቀት ላይ፣ እንደ ድሮው ሳትደብቂ ሐሳብሽን ጻፊልኝ፣ ካንቺ ሌላ የማምነው አንባቢ የለም ብለሃል። እሺ። የጠየቅከኝ አንተ ነህ፤ በኋላ ከፋኝ እንዳትል።

አንተን ብቻ መርጬ የምወቅስ እንዳይመስልህ አስቀድሜ ሰሞኑን ስላነበብኳቸው ላውራህ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር መጽሐፍ የሚያከራየው አብዱልጀባር አሁንም አለ። ስመልስለት እንዴት ነበር ሳይለኝ አይቀበለኝም፤ የወደድኩትን ከፊት ይደረድረዋል፣ ያልወደድኩትን ከሥር ይከተዋል። በቀደም አንድ ወፍራም የትርጉም መጽሐፍ ሰጠኝ። ሰዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያወሩት ስለ ትራክተር ነው፤ ሚስቲቱ ባሏን ስታቅፈው እንኳ የምታስበው የምርት ዕቅዱን ነው። ተርጓሚው እያንቀላፋ የጻፈው ይመስለኛል። ቀጥሎ አንድ የፍቅር ልብ ወለድ አነበብኩ። ልጅቷ በየምዕራፉ ራሷን ትስታለች። አንዴ ብትስት አዝንላት ነበር፤ እየደጋገመች ስትወድቅ ግን ኧረ ተነሽ አልኳት። የወደድኩት አንድ ስለ አንጥረኛ የሚያወራ ቀጭን መጽሐፍ ብቻ ነው፤ መጨረሻው ተቀዷል። ጸሐፊው የማያውቀውን አላውቅም ይላል። አብዱልጀባር መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ ምን ያስደስታል ቢለኝ፣ ከውሸት መጨረሻ ይሻላል አልኩት።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ብዕርህ ተስሏል። የሰፈራችንን የክረምት ጭቃ፣ በየወሩ በልደታ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚደረደሩትን ጧፍ ሻጮች እንዳንተ የጻፈ የለም። ሳቅኩ፣ አንዳንድ ቦታም አለቀስኩ። እኔን አስመስለህ የሳልካትን ልጅ ግን አላወቅኳትም። መጨረሻ ላይ ወንድሟን በመደበቋ ተጸጽታ፣ ለያዘው ካድሬ እቅፍ አበባ ታበረክታለች። እኔ በሕይወቴ ለማንም አበባ ሰጥቼ አላውቅም፤ ላንተም ጭምር።

ከዚያ በፊት ደግሞ ወንድሟ የተደበቀበት ምዕራፍ አለ። ታናሽ ወንድሜ በድሉ በ1970 እንዴት ተደብቆ እንደነበር አንድም ሳታስቀር ጽፈኸዋል። ከአቡጀዴው ኮርኒስ በላይ በአግዳሚዎቹ ላይ የዘረጋንለት ፍራሽ፣ የለበሰው የእማዬ ቢጫ ሹራብ፣ ሳል ሲመጣበት አፉን በትራስ ማፈኑ፣ ሁሉም ልክ ነው።

በመጽሐፍህ ካድሬው ቤቱን አገላብጦ ፈትሾ ሲያጣ ቀና ይልና ከኮርኒሱ ጥግ የተበጠሰ የሸረሪት ድር ያያል። በዚህ ብልሃቱ ልጁን ያገኘዋል። ምዕራፉን ለእማዬ አነበብኩላት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስትሰማኝ ቆይታ እዚያ ስደርስ አስቆመችኝና፣ እኔ ቤት የሸረሪት ድር ኖሮ አያውቅም አለች።

እውነቷን ነው። እንዴት እንደነበር ልንገርህ፤ መጽሐፉ ዳግመኛ ሲታተም ይጠቅምህ ይሆናል። አልፈተሹም። አልጋ ሥር አላዩም፣ ሣጥን አልከፈቱም። ገና ከበር እንደገቡ መሰላሉን አምጪ ነው ያሉኝ። ከጓሮ፣ ከማገዶው ኋላ እንደምናስቀምጠው እንኳ ያውቁ ነበር። አውርደው የወሰዱት በድሉ ዳግመኛ አልተመለሰም። በድሉ የት እንደሚተኛ የምናውቀው እማዬና እኔ ነበርን፤ እራቱን ሳቀብለው መሰላሉን የሚይዝልኝ፣ ቀለበት ያሰረልኝ ሰውም ያውቃል።

እኛ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የጠረጠርነው ጎረቤታችንን እትዬ የሻረግን ነበር። ሰላምታ ነፈግናት፤ ባሏ ሲሞት ለቅሶ አልደረስንም። ትናንት እማዬ በዚያ በታመመ እግሯ ድንጋይ ተሸክማ ደጇ ላይ ወድቃ ይቅርታ ለመነቻት። እትዬ የሻረግ ድንጋዩን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ማን ሆኖ ተገኘ ስትል ጠየቀቻት። እማዬ እሑድ ትሰሚያለሽ ብቻ አለቻት።

የፊታችን እሑድ በቀበሌው አዳራሽ በመጽሐፍህ ላይ ውይይት አለ፤ አንተም ትገኛለህ አሉ። ሊቀ መንበራችን ጓድ ዋቅሹማ ስኳር ከምመዝንበት ኅብረት ሱቅ ድረስ መጥቶ፣ መጀመሪያ የምትናገሪው አንቺ ነሽ ብሎ የምለውን ሁሉ ጽፎ ሰጠኝ። ከዚህ ከወጣሽ ሥራሽን ብቻ እንዳይመስልሽ የምታጪው አለኝ። በወረቀቱ ጨው ጠቀለልኩበት።

የምለውን አስቀድሜ እነግርሃለሁ፤ ከኋላ መውጋት የቤታችን ልማድ አይደለም። ጥሩ መጽሐፍ ነው እላለሁ። አንድ ውሸት አለበት፣ እሱም የሸረሪት ድሩ ነው እላለሁ። ከዚያ ደራሲው ተነሥቶ በሰው ፊት እንዲያርመው እጠይቃለሁ። ሊወስዱኝ ከፈለጉ ይውሰዱኝ። ለእኔ መሰላል አያስፈልጋቸውም፤ ፊት ለፊት ነው የምቀመጠው።

እንዳትቀር። እማዬም ትመጣለች፤ እትዬ የሻረግ ክንዷን ይዛ ታመጣታለች።

ልደታ ከበድሉ የቀረውን ዕድሜ ላንተ ትጨምርልህ፤ ገና የምትጽፈው አለህ። ከብርድም ትጠብቅህ።

የበድሉ እህት