ሞተሩ ለምን እንደሚጠፋብህ

ልጄ፣ የጀልባውን ሞተር ከመንካትህ በፊት ይህን አንብብ።

ተነስቶ ቀስ ብሎ ወደሚዞርበት ሚኒሞ ሲወርድ የሚጠፋው አንተ አበላሽተህ ስለገጠምከው አይደለም። ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ አለ። የቤንዚኑ ጀሪካን ቤቱን ሲያገማው አጥቤው ነበር፤ ሳይደርቅ ቦታው መለስኩት፣ አንተም ቤንዚን ቀዳህበት።

ማክሰኞ ልነግርህ አፌን ስከፍት "አንቺ ደግሞ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?" አልከኝ። ጓደኞችህ ሳቁ። እኔም ይበልህ ብዬ ዝም አልኩ። ስትፈታ ስትገጥም፣ እጅህ ሲላጥ እያየሁ ዝም አልኩ።

ቤንዚኑን ድፋው። ካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ፈተህ ውሃውን አፍስስ። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ አድርቅ። ባለቤቴ፣ ወንድ አያትህ፣ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ መፍቻ እያቀበልኩ አርባ ዓመት አይቻለሁ፣
ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን እህትህ ሚጡ "ወንድሜ ነገ ሐይቅ ይወስደኛል" አለችኝ። ሐይቁ መሃል ላይ ሞተሩ ቢጠፋባችሁ ነፋሱ የሚጥላችሁ ድንጋዩ ላይ ነው። ስለዚህ የማስነሻውን ገመድ ይዤ አክስትህ ቤት ሄጃለሁ። መጥተህ ውሰድ። ሞተሩ ሳይጠፋ ሲሠራ በጆሮዬ ሳልሰማ ግን ልጅቷ ጀልባ ላይ አትወጣም።

ተቆጣኝ፣ ግድ የለም።
እኔ በኩርፊያ ሁለታችሁንም ላሰጥማችሁ ነበር።

አያትህ