የመኪናዋ በር ስለምን አልከፈት እንዳለ

ለእናትም ለእኅትም ለሆኑኝ ለእትዬ አስካለ ማርያም፣
ድሬዳዋ።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንደምን ነው? ያ የጉልበትዎ ቁርጥማት በቆላው ሙቀት ተሻለዎት ወይስ ባሰብዎት? አቶ ሃይለ ሚካኤልስ ከባቡሩ ሥራ በደህና ይገባሉ? ልጆቹስ? እኛ፣ መኖር ከተባለ፣ አለን። አባባም ዓይናቸው ከመድከሙ በቀር ቡሬ ደህና ናቸው። በቆሎው ዘንድሮ ሸጋ ነው፤ ሸጋነቱን ግን ማን ዓይኔ ብሎ ያየዋል።

ደብዳቤዎ የወንድማችንን የይርሳውን የሰማንያ ቀን ተዝካር ባወጣን በሳምንቱ ደረሰኝ። «ፈጠም ወንዝ ሲዋኝ ያደገ ልጅ እንዴት ውሃ ይበላዋል? በሩን ከፍቶ እንዳይወጣ ማን ያዘው? አንተስ ከዳር ቆመህ ምን ትሠራ ነበር?» ብለው ጠይቀውኛል። እናታችን ስትሞት የስምንት ወር ሕፃን ነበር፤ በጀርባዎ አዝለው ያሳደጉት እርስዎ ነዎትና ከማንም ይልቅ መጠየቅ የሚገባዎ እርስዎ ነዎት። መልሱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ነሐሴ አሥራ አራት ቀን ነው። ይርሳው በሹፌርነት የተቀጠረበትን መሥሪያ ቤት ሰዎች ወደ ደጋ ዳሞት አድርሶ፣ ትንሿን መኪና ባዶዋን ይዞ ይመለስ ነበር። ፍልሰታን ከአባባ ጋር ልንፈታ ተቃጥረን ስለነበር እኔ ከፍኖተ ሰላም በእግሬ ወጥቼ ከላህ ወንዝ ማቋረጫ እጠብቀዋለሁ። ወንዙ ሞልቷል። ጧት ተሻግሮበት ነበርና ደፈረ። መካከል ላይ ሲደርስ የመኪናዋ የኋላ ጎማ ከድንጋዩ ተንሸራተተ፤ ውሃው ገፍቶ ከበታች ካለው ጥልቅ ቦታ ጣላት። ወዲያው አልሰጠመችም፤ ጥቂት ተንሳፈፈች።

በሩን በትከሻው ሲገፋ አየሁት። እምቢ ሲለው የመስኮቱን መስታወት ያወርድ ጀመር። እኔ ከዳር ሆኜ «ዝጋው! ይርሳው፣ መስታወቱን ዝጋው! ውሃ ይገባብሃል!» ብዬ ጮኽሁ። ሰማኝ፣ እትዬ። ቀና ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀልኝ፤ መስታወቱንም መልሶ ዘጋው። ገመድ እስኪመጣ ድረስ ተንሳፍፋ ትቆያለች ብዬ ነበር። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳትቆይ በአፍንጫዋ ቁልቁል ወረደች።

ክንዱ የሚባል እዚያው አጠገብ የሚያርስ ሰው ከሁለት ወንድሞቹ ጋር እሪታዬን ሰምቶ ደረሰ። አራታችንም ጠልቀን የበሩን እጀታ ሳብን። ወጥተን ተንፍሰን እንደገና ጠለቅን። በሩ ንቅንቅ አላለም። መስታወቱን በድንጋይ ልንሰብር ሞከርን፤ ውሃ ውስጥ ክንድ ጉልበት የለውም። ከውስጥ ሲመታ ይሰማን ነበር። ኋላ መስማታችን ቀረ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ውሃው ጎደል ሲል፣ መኪናዋን በበሬዎች ስበን ለማውጣት ገመድ ላስር እኔው ጠለቅሁ። እጀታውን ስይዘው በሩ በአንድ እጄ ተከፈተ። ትናንት ለአራት ወንዶች እምቢ ያለው በር!

ቀበርነው፤ ለቅሶ ተቀመጥን፤ ያ በር ግን ከእጄ አልወጣ አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ወረቀትና እርሳስ አነሳሁ። ቁመቱም ወርዱም ጥልቀቱም አንድ አንድ ሜትር የሆነ ውሃ አሥር ኩንታል ይመዝናል። የበሩ መካከል ከውሃው ፊት ሁለት ሜትር ወደ ታች ነበር፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ሃያ ኩንታል ይጫናል። ሄጄ በሩን ለካሁት። ቁመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ነው። ሲባዛ አሥራ ስድስት ኩንታል ይመጣል። አሥራ ስድስት ኩንታል ጤፍ በሩ ላይ ተከምሮ ያስቡት፤ እሱ ከውስጥ በትከሻው፣ እኛ ከውጭ በጣታችን ነው የታገልነው። እንግዲህ ልጅዎ ሰንፎ አይደለም፤ ዋናም ረስቶ አይደለም።

እዚህ ላይ ባቆም በወደድሁ። ግን ውሃ ከውስጥም ከውጭም እኩል ሲሆን የውስጡ የውጩን ስለሚመልሰው ያ ሁሉ ኩንታል ይቀራል። በማግስቱ በሩ በአንድ እጅ የተከፈተው ውሃው በየስንጥቁ ገብቶ መኪናዋን ስለሞላት ነው። ይርሳው መስታወቱን ቢያወርደው ኖሮ በመስኮቱ ሾልኮ ይወጣ ነበር፤ ያም ባይሆን ውሃው ሲሞላ በሩ ይከፈትለት ነበር። ያልተማረው እሱ ልክ ነበር፤ የተሳሳትሁት እኔ መምህሩ ነኝ። ይህንኑ ትምህርት ባለፈው ሚያዝያ ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ጣሳ በስቼ እያሳየሁ አስተምሬዋለሁ። ከዳር ስቆም አንዱም ቃል ትዝ አላለኝ። ያሰብሁት ውሃ እንዳይነካብኝ ብቻ ነበር።

እነክንዱ የወንዙ ድምፅ ቃሌን ስለዋጠው ምን ብዬ እንደጮኽሁ አልሰሙም። ሰዉ ሁሉ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው፣ ነፍሱን ሰጥቶ ጠለቀ» እያለ ያመሰግነኛል። ምስጋናው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። የነፍስ አባቴ «ሳታውቅ ያደረግኸው ነው» ብለው ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድሁ። አልቀለለኝም።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለይርሳው ሚስት ለያይኔአበባ ሁሉንም ነገርኋት። ከዚያ «ሲሰማህ ፊቱ እንዴት ነበር? ፈርቶ ነበር?» አለችኝ። «አልፈራም፤ አምኖኝ ነበር» አልኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች፤ «እንኳንም አልፈራ» አለች። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስታየኝ ዞራ ትሄዳለች። አልፈርድባትም።

አባባ እስካሁን አያውቁም። «የልጄ ቀን ደርሶ ነው» እያሉ ይጽናናሉ። ልንገራቸው ወይስ እንዲሁ ይቆዩ? እኔ መምረጥ ተስኖኛል፤ እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።

አባባ «ዓይኔ ሳይጠፋ ትምጣልኝ» ይሉዎታል። እትዬ ተናኜ ከነልጆቻቸው፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስም እጅ ይነሱዎታል። ለአቶ ሃይለ ሚካኤል አክብሮቴን፣ ለእንዳለው፣ ለእህተ ማርያምና ስሙን ገና ላልሰማሁት ለትንሹ ልጅ መሳሜን ያድርሱልኝ። ለእርስዎ ግን ምን ብዬ እንደምሰናበት አጣሁ። ይቅርታም አልለምንዎትም። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፦ የሚረግሙኝም ከሆነ በሌላ ሰው አያስጽፉት፤ የእጅ ጽሕፈትዎን ልየው።

ወንድምዎ ሙሉሰው

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.