የባላባቱ ደረጃ

ዘይነብዬ፣

ካርዱ ላይ የምታዪው ስኮትላንድ ገጠር ያለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ነው። በውጭ ግድግዳው ላይ የሚወጣውን የድንጋይ ደረጃ እዪው። የአካባቢው ባላባት ቤተሰብ ብቻ በእሱ ወጥቶ፣ ከሕዝቡ በላይ ካለው ሰገነት ላይ ስብከት ይሰማ ነበር። "ምድጃም ነበራቸው" አለችኝ አስጎብኚዋ አሮጊት።

"ታዲያ ከታች ካለው ሰው ጋር የት ይገናኙ ነበር?"

"የትም። መቃብራቸውም ለብቻ ነው፣ የኔ ልጅ።"

እኛም አሌክሳንድሪያ ባለው መስጊዳችን ወደ ሴቶች ፎቅ የሚወጣ ደረጃ በውጭ ይሠራልን ብለን ኮሚቴውን ስንት ጊዜ ለመንን። በአንድ በር መጋፋቱ ሰልችቶን ነበር። እዚህ ቆሜ ግን አባባ ትዝ አሉኝ። ከጁምዓ በኋላ በሩ ጋ ጫማዬን ይዘው ይጠብቁኛል። "ዛሬም ሰው ረግጦብሻል" ይሉኛል። የታመመው፣ የወለደችው፣ ሥራ ያጣው የሚሰማው እዚያች በር ላይ ነው። እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

ኮሚቴው በመጨረሻ የፈቀደልን የደረጃው ሥራ የሚጀመረው ከረመዳን በኋላ ነው። ለሰብሳቢው ለጋሽ ሙዝደሊፋ ሐሳባችንን ለወጥን በያቸው፤ ይሳቁብን። እሺ ይሉ እንደሆን እንጃ።

ልጆቹን ሳሚልኝ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ቦታ አለቀብኝ። ደረጃው ተሠርቶ ቢጠብቀኝም እኔ የምገባው በድሮው በር ነው።

ሰጂዳ