ከንባብ ክፍልዎ በቃሌ ይዤው ስለ ወጣሁት መጽሐፍ

ለደጋ ዛፎች ዕውቀት ማዕከል ክቡር ዋና ዳይሬክተር
የካ ክፍለ ከተማ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥቶ ቢሮዎ እስኪደርስ ድረስ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በንባብ ክፍልዎ መስታወት ውስጥ ተቆልፎ የሚኖረው መጽሐፍ፣ ሁላችሁም በሙሉ ጤንነት እንድትቆዩልኝ እመኛለሁ። ለመጽሐፉ እንኳ ብዙም አልሰጋም፤ የሚነካው የለምና።

ወልደ ኢየሱስ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ ነው። ባለቤቴ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሠላሳ አራት ዓመት በችግኝ ጣቢያ ጥድና ወይራ ስታበቅል ኖረች። ከማረፏ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ተመራማሪዎ ቤታችን መጥተው፣ የምታውቀውን ሁሉ ወር ሙሉ ሲጠይቋት ከርመው መጽሐፍ አደረጉት። በመጽሐፉ የምስጋና ገጽ ላይ «አንዲት የአካባቢው ነዋሪ» ተብላ ተጠቅሳለች። አርባ ስምንት ዓመት አብሬያት ስኖር አንድ ቀን እንኳ በዚህ ስም ጠርቻት ስለማላውቅ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የመጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው። ከሰፈራችን በላይ ባሕር ዛፉ ተቆርጦ የተራቆተ ገደል አለ። ባለፈው ክረምት ተንዶ የወይዘሮ ሙሉጌጥን ወጥ ቤት ይዞት ወረደ፤ ቀጥሎ ያለው ጊፍቲ የምትባል ወጣት ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትተኛበት ክፍል ነው። የሰፈሩ ሴቶች ተደራጅተው ገደሉን በጥድና በወይራ ሊያስሩት ቆርጠዋል። ዘር አላቸው፤ ጉልበት አላቸው። ዘሩን እንዴት እንደሚያበቅሉ የምታውቀዋ ሞታለች፣ የተናገረችው ደግሞ እርስዎ ዘንድ ተቆልፏል።

ማዕከልዎ «የቅጂና የንባብ መመሪያችንን ልናሻሽል ስለሆነ አስተያየት ስጡን» ብሎ በር ላይ ስለ ለጠፈ፣ እኔም ምስጋናዬን በቁጥር እያስያዝሁ አቀርባለሁ።

፩. የመጽሐፉን ፎቶ ኮፒ ስጠይቅ የሕግ ባለሙያዎ በትዕግሥት አስረድተውኛልና አመሰግናለሁ። ዘር መዝራት እንደማይከለከል፣ የተከለከለው እንዴት እንደሚዘራ የተጻፈውን መቅዳት እንደሆነ፣ ይህም ደራሲው በሕይወት እስካሉና ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት እንደሚጸና ነገሩኝ። ደራሲውን አውቃቸዋለሁ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ፓርክ ይሮጣሉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ሰማንያ አምስት ቢደርሱ፣ እኔ ኮፒዬን የምረከበው በመቶ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ያን ጊዜ መነጽሬን መቀየሬ አይቀርም።

፪. ወደ ንባብ ክፍሉ ስልክ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ እንዳይገባ መከልከልዎ ትልቅ ጥንቃቄ ነው። መመሪያው ስለ ጭንቅላት ግን ምንም አይልም። እኔ ደግሞ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ አንድ መጽሐፍ ለአርባ ተማሪ ስለ ነበር የተማርነውን ሁሉ በቃላችን ነበር የምንይዘው። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ገጽ በቃሌ እየያዝሁ ወጣሁ፤ ከሰዓት በኋላም ችግኝ መደቡ ዳር ተቀምጬ ለሴቶቹ አንበለበልሁላቸው፤ እነሱም ተቀብለው በቃላቸው ያዙት። የጥበቃ ሠራተኛዎ አቶ ኃይሉ ሥራቸውን አላጓደሉም፤ ስወጣ ኪሴን ሁሉ ይፈትሻሉ። «አባባ፣ ዛሬስ ምን ይዘው ወጡ?» ሲሉኝ «ገጽ ሃያ ሁለትን» እላቸዋለሁ፣ ይስቃሉ። እኔ ግን ዋሽቻቸው አላውቅም።

፫. ነገሩ እርስዎ ጆሮ ሲደርስ «አንባቢ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ያንብብ» የሚል ማስታወቂያ አስለጥፈዋል። በዚያ ክፍል ከንፈሩ የሚንቀሳቀስ እኔ ብቻ ስለሆንሁ፣ ለአንድ ሽማግሌ ተብሎ መመሪያ መውጣቱ ቤተሰቤን ሁሉ አኩርቷል። በነጋታው ከንፈሬን ገጥሜ በጣቴ ጉልበቴን እየመታሁ አጠናሁ። በሦስተኛው ቀን ከበር ተመለስሁ። ሠላሳ ሁለት ገጽ አውጥቻለሁ፤ የቀረኝ ስለ ወይራ የሚናገረው ምዕራፍ፣ ስድስት ገጽ ነው።

፬. ያለ ፈቃድ የተባዙትን ቅጂዎች ለመሰብሰብ ካሰቡ እተባበርዎታለሁ። አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ጠዋት መደብ ሲያጠጡ ይገኛሉ። ወይዘሮ ኢልሃም የምትባለው ቅጂ ግን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ስለሆነች፣ የሚወለደው በማን መብት ሥር እንደሚያድር የሕግ ባለሙያዎ አስቀድመው ቢያስቡበት መልካም ነው።

ለመመሪያው የማቀርበው ማሻሻያ አጭር ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተጠና፣ ከሕዝብ አፍ የተሰበሰበ ዕውቀት በኢንተርኔትም በወረቀትም ለሁሉም ክፍት ይሁን። ተመራማሪው ደክመዋል፤ ስማቸውም ክብራቸውም አይነካ። ከስማቸው ሥር «ለተጊዮርጊስ» የሚል አንድ ቃል ይጨመር፤ ብዙ ቦታ አይወስድም። መመሪያው ውይይት ተደርጎበትና ጸድቆ እስኪወጣ ግን ክረምቱ አይጠብቀንምና፣ ስድስቱን ገጽ በዚህ ሳምንት ይስጡን። ጊፍቲ ዝናብ በመጣ ቁጥር ልጆቿን ይዛ ጎረቤት ማደር ሰልችቷታል።

ውድ ጊዜዎን ሰውተው እስከዚህ ስላነበቡልኝ፣ ያነበቡትንም በቃልዎ ቢይዙት እንደማልከስስዎ በፊርማዬ እያረጋገጥሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ወገቤ የፈቀደልኝን ያህል ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የማዕከልዎ የቀድሞ አንባቢ
ወልደ ኢየሱስ፣ ከእንጦጦ ግርጌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ገጽ አሥራ አራት «የጥድ ዘር በፈላ ውሃ ይዘፍዘፍ» ይላል። የያዝሁትን አንዲት ቃል ሳላጎድል ስላደረስሁ ሴቶቹ እንደ ተጻፈው አደረጉ። በማግስቱ ጊፍቲ አንድ እፍኝ ይዛ መጥታ «አባባ፣ ይሄንን እንዝራው ወይስ ጨው ጣል አድርገን እንብላው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ለተጊዮርጊስ ውሃውን ፀሐይ ላይ አስቀምጣ፣ ሕፃን እንደምታጥብ በክርኗ ለክታ ነበር የምትዘፈዝፈው። እንደ እሷ ያደረግንበት መደብ ዛሬ ጠዋት አረንጓዴ ጫፍ አሳይቷል። ማስተካከያውን ለጠየቀን ሁሉ በነፃ እየሰጠን ነው፤ ስሕተቱ ግን መብቱ በሕግ እንደተጠበቀ እርስዎ ዘንድ ይቆይ።