በአባትሽ ለቅሶ ላይ አንቺን ስለ መካዴ

ለልጄ ለሱሚኤ፣

ክፉ አይንካሽ፣ የልጅሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ። ባልሽ ሮስ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ሂሮሺማ ዝናቡ አላባራም።

ልጄ፣ አባትሽ ባለፈው ወር አረፈ። "ወንድ ልጄን በቦምብ የገደለብኝ አገር ወታደር አገባች" እንዳለ፣ ስምሽን ሳያነሳ ሞተ። ለቅሶ ላይ አንዲት እንግዳ፣ "ሴት ልጅ አልነበረቻችሁም?" ብላ ጠየቀችኝ። አጎትሽ ቀደመኝና፣ "በቦምቡ ጊዜ ሞታለች" አላት። ሴትዮዋ፣ "እኔን! ነፍሷን ይማር" ብላ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ። እኔም አመሰገንኳት።

ይቅር በይኝ አልልሽም።

ደብዳቤሽን አንብቤ ሳልጨርስ እንደ አባትሽ የሚቀድድብኝ ዛሬ የለም። እባክሽ የትንሿን ፎቶ ላኪልኝ። አያቷ በሕይወት እንዳለች ንገሪያት። ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ።

እናትሽ ፉጂኤ