አባትሽ የቀጠፈው ቅጠል

ይድረስ ለልጄ፣ ከእናትሽ። ክፉ አይንካሽ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። «ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

የጓሮው ቆስጣ ታሟል። ትሉ በቅጠሉ ሁለት ቆዳ መሀል ተሸሽጎ ይበላዋል፤ ከላይ የሚታየው እንደ ክር የተጠማዘዘ ነጭ መስመር ብቻ ነው። መድኃኒት ብንረጭ ከቁብ አልቆጠረውም። የግብርና ባለሙያዋ መጥታ «መስመር ያለበትን ቅጠል ከነትሉ እየቀጠፋችሁ አቃጥሉ፤ ጤነኛውን አትንኩ» አለችን። አባትሽ «ይሄ የኔ ሥራ ነው» ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሲቀጥፍ ሰነበተ።

ትናንት የቀጠፈውን ላቃጥል ባልዲውን ስገለብጥ፣ አብዛኛው ቅጠል ምንም ያልነካው ጤነኛ ነው። መደቡ ላይ ደግሞ የታመመው እንዳለ አለ። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» ብዬ አንዱን ቅጠል አፍንጫው ስር ያዝኩለት። በጣቱ ዳበሰና «ንጹህ ነው» አለኝ። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወርሶት ነበር።

ዓይኑ እንደከዳው ስንት ወር እንደደበቀኝ እንጃ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። «ለልጅቷ ትነግሪያትና ወየውልሽ!» ብሎኛል። አሁን እሱ ጋደም ሲል እኔ ወጥቼ የተወውን እቀጥፋለሁ፤ ጤነኛ የቀረን ግን ጥቂት ነው።

በሰው አገር ፈጣሪ ጥላ ከለላ ይሁንሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ፎቶ ልከሽ «አባዬ፣ እንዴት ነኝ?» አትበይው። ያለፈውን ፎቶሽን አፍጥጦ አይቶ «አምሮባታል፣ ወፍራለች» ሲለኝ፣ የስልኩ መብራት ከጠፋ ቆይቶ ነበር።